ሐሙስ ሲመለስ

ሐሙሲት ከተማ ላይ፣ በስሟ ቀን በሐሙስ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ እስኪሞላ ጠበቅሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወርዳል፤ ጥሪው እንደገና ይጀመራል። ከጎኔ የተቀመጡትን እናት «እማማ፣ በየሳምንቱ እንዲህ መጠበቁ አይሰለችዎትም?» አልኋቸው።

«ምኑ ልጄ? ሐሙስ እኮ ነው» አሉኝ።

እጄ ላይ የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን መጠበቅ» ነበር። መጀመሪያ ፓሪስ ላይ የታየው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 27 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ለገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለት ሰዎች አንዲት ዛፍ ሥር ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ፤ አይመጣም። በማግስቱም ይጠብቃሉ፤ አይመጣም። «ምንም የማይሆንበት ተውኔት» ብለው ያጣጣሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልስማማም። በሁለተኛው ቀን ያቺ ራቁቷን የነበረች ዛፍ ጥቂት ቅጠል አውጥታለች። ወደዚያው ቦታ ባንመለስ ቅጠሉን ከየት እናየው ነበር? በ1950 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ሲቀርብ ወደ 1400 የሚጠጉ እስረኞች በጥሞና ተከታትለውታል። መጠበቅን ለእነሱ ማን ያስረዳቸዋል?

ለእኛስ? የቤተ ክርስቲያንን አቋቋም የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ያው ቃል በመጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ ያለ ጸናጽል ይባላል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ይነሣል። በመረግድ ከበሮው ይገባና ሊቃውንቱ ይወዛወዛሉ፤ በጽፋት ጭብጨባው ያፈጥነዋል። ቃሉ ግን ያው ነው። ልጅ ሳለሁ ይረዝምብኝ ነበር። ዛሬ ቁም ዜማው ላይ ያመለጠኝን ቃል መረግዱ ላይ አገኘዋለሁ። እግዚኦታውንም 41 ጊዜ ስናደርስ የመጨረሻው ላይ የምንደርሰው የመጀመሪያውን ስንል የነበርነው ሰዎች ሆነን አይደለም።

ስለዚህ «የእኛ ተመልካች ዝምታ አይችልም» የሚል የቴአትር አዘጋጅ ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ። ተዋናዩ ለአፍታ ዝም ካለ ሙዚቃ ይለቀቅበታል፤ ዝም ብሎ ከቆመ «ረስቶት ነው» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ቆሞ የሚያድር ሕዝብ እኮ ነው!

የባሕር ዳር የቴአትር ሰዎች ሆይ፣ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ አንዲት ዛፍ ትከሉና ሁለት ሰው አቁሙ። ሙዚቃውን አጥፉት። እኔ ለሁለት ምሽት ትኬት እቆርጣለሁ።