ከፒያሳ ደብረ ሊባኖስ በእግር፤ መንገዱ የማን ነው?

አራዳ ጊዮርጊስን ተሳልሞ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ደብረ ሊባኖስ በእግሩ ሊገባ የተሳለ አንድ የፒያሳ ሰው አለ እንበል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። መንገዱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ በቀን 25 ቢጓዝ በአራተኛው ቀን ይገባል። በአዲሱ ገበያ ወጥቶ፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ የመጀመሪያውን ሌሊት ሱሉልታ ያድራል። ከዚያ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፤ ቀጥሎ ከዋናው አስፋልት ወደ ገደሉ ታጥፎ ገዳሙ።

ቀኑም ይታወቃል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓላት ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ናቸው። ነሐሴ ጭቃ ነው። ለእግረኛ የሚመቸው ታኅሣሥ ነው፤ የሱሉልታ ውርጭ ግን ወፍራም ጋቢ ይፈልጋል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የውሃ ኮዳ፣ እግር የለመደው ጫማ። ዝግጅቱ በዚህ ያልቃል።

ችግሩ የሚመጣው ሐሳቡን ለቤተሰቡ ሲናገር ነው። ስለ ስንቁ የሚጠይቀው የለም። ሁሉም አንድ ነገር ይሉታል፦ «መንገዱ ሰላም ነው?»

ጥያቄው ከባዶ ፍርሃት የመጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ከደብረ ሊባኖስ አልፎ በሚገኘው ገብረ ጉራቻ አካባቢ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ በርካታ የአውቶቡስ መንገደኞች ታግተዋል። መኪና ያልተማመነበትን መንገድ እግረኛ ምን ተማምኖ ይሂድበት?

«በዚህ ዘመን በእግር ምን አስኬደው?» የሚል አይጠፋም። ለተሳለ ሰው ግን ድካሙ ራሱ የስለቱ አካል ነው። ለገና ላሊበላ፣ ለገብርኤል ቁልቢ በእግሩ የሚገባ ምእመን ዛሬም አለ። የአራዳው ታቦትም ቢሆን አድዋ ዘምቶ የተመለሰው መኪና ባልነበረበት ዘመን ነው።

ሌላው ዓለምም ይህን አልተወም። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚሄድ ተጓዥ የምስክር ወረቀት ለማግኘት ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መጓዝ አለበት። ከፒያሳ እስከ ደብረ ሊባኖስ ያለውን ያህል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ወረቀቱን የወሰዱት ወደ 500 ሺህ ይጠጋሉ። እነዚህ ሁሉ በየመንደሩ አድረዋል፣ በልተዋል፣ ገንዘብ አውጥተዋል። ጫንጮና ሙከጡሪስ ይህ ይጠላባቸዋል?

በእኛ አገር ይህን መንገድ ያቆመው በጀት ሳይሆን ልማድ ነበር። የመሸበት ሰው «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ ደጅ ይከፈትለታል። ያ ልማድ ክፉ ዘመን አይቷል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ሲፈጅ፣ ለግንቦት 12ቱ በዓል የመጡ ተሳላሚዎችም አብረው አልቀዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ ምእመኑ ወደ ገዳሙ መሄዱን አላቆመም። ዛሬ ስንቁን ፈትቶ እቤቱ የሚቀመጠው በወገኑ ምክንያት ከሆነ፣ ይህ ከሐፍረትም ያለፈ ነገር ነው።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ፈርሳ እንደ አዲስ ስትሠራ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተዘርግቶላታል። ያምራል። ነገር ግን ስንቅ ያዘጋጅ የነበረው ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር ተበትኗል፤ የእግረኛው መንገድም ከከተማው ሲወጡ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ተሳላሚው ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳል።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ቢያንስ በበዓላቱ ሰሞን አስተማማኝ ጥበቃ፣ በአስፋልቱ ዳር ለእግረኛ የሚበቃ ጥርጊያ፣ በየከተማው ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ውሃና ማደሪያ። የመጀመሪያው የመንግሥት ግዴታ ነው፤ እሱ ሳይኖር ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

ሰላም መስፈኑን የሚናገር መግለጫ በየሳምንቱ ይሰማል። ያንን መግለጫ ለመፈተን አንድ ቀላል መንገድ አለ፦ በሶውን የቋጠረው የፒያሳ ሰው በአራት ቀን ደብረ ሊባኖስ ገብቶ፣ ተሳልሞ፣ በሰላም እቤቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?