አቦ፣ ሁሉ ነገር ጫቱ ነው እንዴ?

ድሬ ላይ "ልቤ ይመታብኛል" ብትሉ የምታገኙትን መልስ ልንገራችሁ? "ጫቱን ቀንሺ!" ነው። የማትቅሙ ከሆነ "ሙቀቱ ነው" ትባላላችሁ። ወሩ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ደግሞ "ቡና አብዝተሽ ነው" ይመጣል። እሱም ካልሆነ "አታስቢ፣ ጭንቀት ነው" አለላችሁ። በዚህች ከተማ ለሚመታ ልብ መልስ ጠፍቶ አያውቅም። እኔም ዛሬ የምጽፈው ይህንኑ መልስ ለገዛ አክስቴ ስሰጥ ቆይቼ ስላፈርኩ ነው።

አክስቴ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቶቿ ጋር በርጫ ትቀመጣለች (ይህን ደብቄ ጻድቅ ላደርጋት አልፈልግም)። ከሁለት ዓመት በፊት ቀሚሶቿ ይሰፏት ጀመር። እንደ ድሮዋ ትበላለች፣ እንዲያውም ይብስባታል፣ ሰውነቷ ግን ይቀንሳል። እኛ "አማረብሽ!" አልናት። ሽንኩርት ስትመዝን እጇ ይንቀጠቀጣል። ማታ ወበቁን አልቻልኩም ብላ ፍራሽ በረንዳ ላይ አውጥታ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ግን የለም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ድሬ ላይ በግንቦት ወበቁን የቻለ ማን አለ? አንድ ቀን "ልቤ እኮ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ነው" ስትለኝ፣ እኔ የጋዜጠኝነት ምሩቋ፣ ጠይቆ ማጣራት ሙያዬ የሆነው ልጅ፣ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ "ጫቱን ተዪዋ!" አልኳት።

ተወችው። ሁለት ወር ሙሉ አልቃመችም። ልቧ ግን አልተዋትም።

የሄደችበት ክሊኒክ (ስሙ ይቆየን) "ይቅማሉ?" ብሎ ጠየቃት። "እቅም ነበር" አለች። የእንቅልፍ ኪኒን ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛው ቦታም ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ። ሦስተኛው ቦታ ያገኘቻት ወጣት ሐኪም ግን አንገቷን በጣቶቿ ዳሰሰችና "ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ" አለቻት። ከዚያ የደም ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ ጥፋተኛው ታይሮይድ ሆኖ ተገኘ።

ታይሮይድ አንገታችን ላይ፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን ጉልበት የሚያቃጥልበትን ፍጥነት ይወስናል። ሲበዛ ሁሉም ነገር ይፈጥናል፤ የተበላው ቶሎ ይቃጠላል፣ ላብ ይበዛል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ቁጭ ባሉበት ይሮጣል። ብዙዎቻችን ግን ያልገባን አንድ ነገር አለ፦ ዕጢዋ ይህን ሁሉ ስታደርግ አንገት ላይ ጎልታ ላትታይ ትችላለች። "እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" እያልን ያደግን ሰዎች እንቅርት ሲባል የሚታየን ተንጠልጥሎ ከሩቅ የሚለየው ብቻ ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ሮበርት ግሬቭስ የሚባል የደብሊን ሐኪም በ1835 እ.ኤ.አ. ልባቸው በኃይል የሚመታባቸውን ሦስት ሴቶች ጉዳይ ሲገልጽ አንገታቸው ላይ ያለችውን ዕጢም አብሮ ጠቅሷል። ዛሬ ዋነኛው የታይሮይድ መብዛት በሽታ በእሱ ስም ይጠራል። ሴቶችን ከወንዶች በብዙ እጥፍ ያጠቃል። ልብና አንገት ዝምድናቸው ከታወቀ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ልብ የሚዛመደው ከጫት ጋር ብቻ ሆኗል።

ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ በሽታው ድሬን ስለሚመስል ነው! ምልክቶቹን ቁጠሯቸው፦ ሙቀት አለመቻል፣ ላብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መቅጠን፣ መነጫነጭ፣ የልብ ምት መፍጠን። ይህ እኮ ለእኛ በሽታ ሳይሆን የከሰዓት በኋላ ኑሯችን ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ብርድ "ሞቀኝ" የሚል ሰው ቢያንስ ያስገርማል። እዚህ ማን ይገረማል?

ጫት ነጻ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትን በእርግጥ ያፈጥናል፤ ታይሮይድ ላለበት ሰው ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። የእኔ ጸብ ጫት የምርመራ ምትክ ከመሆኑ ጋር ነው። "ቅመሽ ነው" የሚለው ቃል መልስ ብቻ ሳይሆን ወቀሳም አለበት። የተወቀሰ ሰው ደግሞ ዝም ይላል። አክስቴም ከሁለተኛው ክሊኒክ በኋላ ለወራት ዝም ብላ ነበር። አፍራ!

ያ ዝምታ ዋጋ አስከፍሏታል። ከታይሮይድ መብዛት ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት አትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የልብ ምት መዛባት ይገጥማቸዋል። የላይኛው የልብ ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ ይርገበገባል፤ ደም እዚያ ይረጋና ሊጓጉል ይችላል፤ የጓጎለው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። አክስቴ ኢ ሲ ጂ ስትነሳ ምቷ ተዛብቶ ነበር። ዛሬ ከታይሮይድ መድኃኒቷ ጋር የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች።

ስለ ጨውም አንድ ነገር ልበል፤ እንቅርት ሲነሳ አዮዲን መነሳቱ አይቀርምና። አዮዲን ያነሰው ሰው ዕጢው ያብጣል። አገራችን የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ ያወጣችው በ2003 ዓ.ም ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በአዮዲን እጦት ለዓመታት የቆየ፣ ያረጀና የተጓጎለ እንቅርት አዮዲን ድንገት ሲያገኝ ከመጠን በላይ ሊሠራ ይችላል። ዚምባብዌ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጨዋን ስታበለጽግ ይህ ታይቷል። ስለዚህ ጨዉን እንተው ማለት አይደለም፤ ልጆቻችን ይፈልጉታል። የድሮ እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ግን ልባቸውንም እንጠይቃቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ፣ ቡናም ጫትም ሳይቀመስ፣ የእጅ አንጓችሁን ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ጫት ያፈጠነው ልብ ሰዓታት ሲያልፉ ይበርዳል፤ ታይሮይድ ያፈጠነው ግን ተኝታችሁም ይሮጣል። በዕረፍት ላይ በተደጋጋሚ ከ100 ካለፈ ወይም ምቱ ወጥ ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱና "የታይሮይድ ምርመራ፣ ቲ ኤስ ኤች ይታዘዝልኝ" በሉ። ደም ማነስም ልብን ያስመታልና እሱም ይታይ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ካመመ ወይም ራስን ከሳቱ ግን መቁጠር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ሁለተኛ፣ መድኃኒት የጀመራችሁ ሰዎች፣ ልባችሁ ስለተረጋጋ ብቻ አታቋርጡ። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ቀን ደማችሁ ይታይ። ታይሮይዳችሁ አንሶ ሆርሞን የምትተኩ ደግሞ ልብ መምታት ከጀመረ መጠኑ በዝቶ ይሆናልና አሳዩ።

ሦስተኛው ለሐኪሞቻችን ነው። "ይቅማሉ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅም አለባችሁ። ግን መልሱ "አዎ" ሲሆን ምርመራውን አትጨርሱት። አንገት መዳሰስ ገንዘብም መሣሪያም አይፈልግም። ቲ ኤስ ኤች ደግሞ ገንዘብ ያለው ብቻ በግል ላቦራቶሪ የሚያሠራው ቅንጦት መሆን የለበትም።

አክስቴ ወደ ቀፊራ ተመልሳለች። ቀሚሶቿ ልኳ ሆነዋል፤ እጇም ሚዛኑን አይስትም። ባለፈው ሳምንት አጠገቧ የምትሸጥ ሴትዮ "ልቤን ያርበተብተኛል" ስትላት ሰማሁ። አንዷ ደንበኛ ከአፏ ቀምታ "ጫቱ ነዋ!" አለች። አክስቴ ቲማቲሟን ትታ ቀና አለችና "አቦ ተዪአት! መጀመሪያ አንገቷን ትታይ!" አለቻት።

እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ያልጠየቅኩትን እሷ ጠየቀችልኝ። ቸር እንሰንብት!