ኮምፒውተሮቹን ከመሸጣችን በፊት



በዚህ ዓመት በወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ረጅም ክርክር ካስነሱት ጉዳዮች አንዱ በዕቃ ክፍላችን አቧራ የለበሱት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ነበሩ። «በኪሎ ይሸጡና በገንዘቡ ወንበር እንግዛ» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም እጄን ካነሱት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ለምን እንደለወጥኩም በዚህ መጽሔት ላይ ማስረዳት ይገባኛል።

ማሽኖቹን ለመሸጥ የፈለግነው ያለ ምክንያት አልነበረም። አብዛኞቹ ያላቸው ራም 1 ወይም 2 ጊጋባይት ነው። የተጫነባቸው ዊንዶውስ 10 ነበር፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ ለእሱ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በዚህ ዓመት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና አሮጌ ማሽኖች የሌላቸውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። በገዳሪፍ መብራት በሚመጣባት አጭር ሰዓት አንዱ ማሽን ተነሥቶ ጽሑፍ እስኪቀበል ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። የአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩቡ በመጠበቅ ያልቃል።

ታዲያ የከበደው ማሽኑ ነው ወይስ ያሸከምነው ጭነት? ጥያቄውን ያነሣው የአይሲቲ መምህራችን ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ስጡኝ ብሎ ከስምንተኛና ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ሥራ ጀመረ።

ስለ ኮምፒውተር ብዙ ለማታውቁ ወላጆች ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ስክሪን ላይ የምናያቸውን መስኮቶች የሚያስቀምጥ፣ የሚያንቀሳቅስ፣ የሚደብቅና ወደ ፊት የሚያመጣ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶው ማኔጀር ይባላል። በሠርግ ቤት እንዳለ አሳላፊ ማለት ነው። እንግዳውን ቦታ ያስይዛል፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን ያስተናብራል እንጂ ወጡን አይሠራም። ትልልቆቹ ሲስተሞች ግን አሳላፊውን ከነዘፋኙ፣ ከነካሜራ ባለሙያውና ከነጌጡ ይዘው ይመጣሉ። ድንኳኑ ትንሽ ሲሆን ለእንግዳው መቀመጫ ይጠፋል።

በሊኑክስ ዓለም አሳላፊውን ብቻ ለይቶ መጥራት ይቻላል። ኦፕንቦክስ፣ ፍላክስቦክስ፣ አይስ ዊንዶው ማኔጀር የሚባሉ አሉ። ልጆቹ የመረጡት አይስን ነው። ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ከታች የተግባር አሞሌ፣ ከጥግ የሜኑ ቁልፍ ስላለው ዊንዶውስ የለመደ ሰው አይደናገርም።

አጫጫኑ እንዲህ ነበር። ኢንተርኔቱ አስተማማኝ ስላልሆነ ዴቢያን 12ን አንድ ጊዜ አውርደው በፍላሽ ላይ ጻፉት። አዲሱን ዴቢያን 13 ያልመረጡት ከማሽኖቹ ሁለቱ ባለ 32 ቢት ስለሆኑ ነው፤ አዲሱ በእነዚያ ላይ አይጫንም። ጫኙ «የትኛውን ዴስክቶፕ ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ምልክቱን ሁሉ አጥፍተው መሠረታዊውን ብቻ ተዉት። ከዚያ ኤክስ ኦርግ የተባለውን የሥዕል ሲስተም፣ አይስን፣ መግቢያ ስክሪን፣ ፋይል ማሳያና ሊብሬ ኦፊስን አንድ በአንድ ጨመሩ። የጎደለውን ከመምህሩ ስልክ በተገናኘ ኢንተርኔት አመጡ።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አይስ የሚታዘዘው በተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነው። አንዱ ፋይል ሜኑው ውስጥ ምን እንደሚታይ ይወስናል፤ ሌላው የአቋራጭ ቁልፎችን ይይዛል፤ ሌላው ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ ምን አብሮ እንደሚነሣ ያዛል። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በሜኑው ላይ «ሒሳብ»፣ «ጽሑፍ»፣ «መዝገበ ቃላት» ብላ በአማርኛ ስትጽፍ ስክሪኑ ያሳየው ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰሌዳ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቦታ አለው፤ ማሽኑ ውስጥ ግን ፊደሉን የሚሥለው ፎንት አልነበረም። አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ጫኑ፤ ፊደሉ ወጣ። ቀጥሎ ደግሞ በኪቦርድ አማርኛ መጻፍ አልተቻለም። ትልልቆቹ ሲስተሞች የቋንቋ መቀየሪያውን ሳይጠየቁ ያስነሡታል፤ ትንሹ አሳላፊ ግን ያልታዘዘውን አይሠራም። አይባስ የሚባለውን መቀየሪያ በማስነሻው ፋይል ውስጥ መጻፍ፣ ፋይሉንም እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት አስፈለገ። ይህን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀባቸው። እነዚያ ሦስት ቀናት እኔ በዓመት ውስጥ ካየኋቸው ክፍለ ጊዜዎች ሁሉ ይበልጡብኛል፤ ልጆቹ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ጥያቄ ሳይሆን የራሳቸውን ጥያቄ ይመልሱ ነበርና።

ዛሬ ከዘጠኙ ሰባቱ ይሠራሉ። አማርኛ፣ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ይጽፋሉ። ሁለቱ የሞቱት ለመለዋወጫ ሆነዋል።

አንድ ወላጅ በቅንነት ጠየቁኝ፦ «ዳይሬክተር፣ ልጄ ነገ ሥራ ሲፈልግ የሚጠይቁት ዊንዶውስና ወርድ ነው። በድሃ ሶፍትዌር ለምን ታሳድጉታላችሁ?» ጥያቄው ክብደት አለው፤ በቀልድ አላልፈውም። ስለዚህ በዊንዶውስ የሚሠሩትን ሁለቱን ደህና ማሽኖች ለላይኛው ክፍል ተማሪዎች እናስቀራለን። ነገር ግን ደብዳቤ መጻፍና ሠንጠረዥ መሥራት በሊብሬ ኦፊስም ይለመዳል፤ እጁ የለመደ ልጅ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ አይቸገርም። በተሰረቀ ቅጂና በቫይረስ የተጨናነቀ ማሽን ግን ለማንም አያስተምርም። እዚህ አገር የኖርን እናስታውሳለን፤ የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1997 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) በቆየባቸው ዓመታት ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ ማግኘት በእጅጉ የተገደበ ነበርና ከእጅ ወደ እጅ የሚገለበጥ ቅጂ ለምደን ቀርተናል። ልጆቻችን በነፃ የተፈቀደውን ያለ ፍርሃት ቢያባዙ ይሻላል።

ሌላ እውነትም አልደብቅም። ቀላል ዊንዶው ማኔጀር ኢንተርኔቱን ቀላል አያደርገውም። የዛሬ ድረ ገጾች ራሳቸው ከባድ ናቸው፤ 1 ጊጋባይት ባለው ማሽን ላይ ብዙ ገጽ መክፈት አይቻልም። ስለዚህ ኪዊክስ በተባለ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ ውክፔዲያ አስገብተናል።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሕፃናት አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች መታደላቸውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ራማቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ በሊኑክስ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ማሽን ሕፃን ማስተማር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ዱሮ ተመልሷል። እንደ እኔ እምነት የሚቀረው ጥያቄ ማሽኑ ሲበላሽ የሚከፍተው ማን ነው የሚለው ነው። ከውጭ የመጣ ስጦታ በውጭ ሰው እጅ ብቻ የሚጠገን ከሆነ፣ ሰውየው ሲሄድ ስጦታውም ያበቃል።

እኛ ባለንበት ሁኔታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ተማሪ ከካርቱምና ከመዳኒ ተፈናቅሎ ወደ እኛ እንደመጣ፣ ስንቱ በገላባት በኩል ወደ መተማ እንደተሻገረ የክፍል መዝገባችን ያውቃል። ወንበር ይዞ የሚሄድ የለም። ማሽን የመክፈትና የማስነሣት ዕውቀት ግን ከልጁ ጋር ድንበር ይሻገራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ማንኛውም ኮምፒውተር በልጆቹ ሳይመረመር አይሸጥ። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሲስተም ይጫን፣ የራሱንም ሜኑ በአማርኛ ይጻፍ። ያደረገውን፣ የተሳሳተውንም ጭምር፣ በጋራ መዝገብ ላይ ያስፍር፤ ተከታዩ ክፍል ሦስቱን ቀን ደግሞ እንዳይደክም። ወላጆችም ቤት ውስጥ የተጣለ ላፕቶፕ ካላችሁ ቻርጀሩን ጨምራችሁ አምጡልን።

ወንበሩንም አልረሳሁትም። ለእሱ በመስከረም ሌላ መዋጮ እንጠይቃለን፤ እባካችሁ ያኔም አትጨክኑብን።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር