ለቁርስ የሚሆን ድንች፤ ኩርሽም የሚያደርገው ምንድን ነው?

ባዶ ሆዱን ወደ ቢሮ የሄደ ሰው አራት ሰዓት ሲሆን የሚያነበው ፋይሉን ሳይሆን ሰዓቱን ነው። ተማሪውም እንዲሁ ነው፤ አስተማሪው በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቁጥር ሁሉ ክብ ዳቦ እየመሰለ ይታየዋል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ጉዳዩ ቁርስ ነው፤ ከቁርስም ድንች ነው።

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ወጣት ብዙ ነው። ከሩቅ ወረዳ ተመድቦ የመጣ ጸሐፊ አለ፤ ሥራ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው መምህር አለ፤ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ከግቢ ውጭ የሚያድርም አለ። በእናቱ ቤት ሳለ ጨጨብሳው በቅቤ ርሶ ይቀርብለት ነበር፤ አሁን ግን ቅቤውም ዱቄቱም የሚወጣው ከገዛ ኪሱ ነው። ድንች የእንደዚህ ያለው ሰው ወዳጅ ነው። እንደ ሻምቡ ባለው ደጋ አገር ይበቅላል፤ ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፤ ሳይበላሽም ጥቂት ቀን ይቆያል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የድንቹ ወሬ ከአንድ አዲስ ማሽን ጋር ተያይዟል። ማሽኑ ኤር ፍራየር ይባላል። በስልክ ላይ በሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ውስጥ አንዲት ሴት ድንች ከትፋ ወደ መሳቢያው ትጨምራለች፤ ቁልፉን ትጫናለች፤ ሲወጣ ወርቅ የመሰለ፥ በጥርስ ሲነከስ ኩርሽም የሚል ጥብስ ይሆናል። ይህን ያየ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን እያሰበ «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ይጨነቃል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመስጠት በፊት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ፥ ድንቹም ለምን ኩርሽም እንደሚል ማወቅ ይገባል።

ማሽኑ በስሙ መጥበሻ ይባል እንጂ በሥራው ትንሽ የዳቦ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል የኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ አለው፤ ከዚያም በላይ ማራገቢያ አለው። ማራገቢያው ትኩሱን አየር እየገፋ ቀዳዳ ባለው መሳቢያ ውስጥ ያዞረዋል። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከታችም ከላይም እሳት ያደርጋሉ፤ የማሽኑ ሐሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የተጨመረበት ነፋሱ ነው። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በዚህ ስም የሚጠራውን ማሽን በበርሊን ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ፋብሪካዎች በየፊናቸው እየሠሩ በዓለም ሁሉ አሠራጭተውታል።

ስለ ድንቹ ደግሞ እንመልከት። ከድንች ክብደት ከአምስት እጅ አራቱ እጅ የሚጠጋው ውሃ ነው። ውሃው በገጹ ላይ እስካለ ድረስ የገጹ ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት ልክ አያልፍም፤ ድንቹም ይበስላል እንጂ አይጠበስም። ገጹ ሲደርቅ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስም በድንቹ ውስጥ ያለው ስኳርና የፕሮቲን ክፍል እርስ በርሱ እየተዋሐደ ወርቃማውን ቀለምና ያን የሚጣራ ሽታ ያመጣል። ይህን ነገር ማያር የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ጻፈበት እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። እንግዲህ የኩርሽምታው ምሥጢር በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ውስጡ አስቀድሞ ይብሰል፤ ገጹ ይድረቅ፤ ከዚያ ኃይለኛ ሙቀት ያግኘው።

ይህን ሥርዓት ለወለጋ ሰው ማስተማር ለቀበሮ ጉድጓድ እንደ ማሳየት ነው። አንጮቴ እንዴት ይሠራል? ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ከበሰለ በኋላ ይላጣል፤ ይከተፋል፤ ቅቤና ቅመም ይገባበታል። በመስቀል በዓል የሚቀርበው፥ አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ የሚሰጠው ይህ የወለጋ ሥር አስቀድሞ ሳይቀቀል ወደ ቅቤ አይቀርብም። ጥሬ ድንች ከትፎ በቀጥታ ወደ ማሽኑ የሚጨምር ሰው ውጪው ጠቁሮ ውስጡ ድንጋይ የሆነ ነገር ሲያገኝ ማሽኑን ይረግማል። ማሽኑ ግን አልበደለም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ድንቹንም እንደ አንጮቴው አስቀድመን ብንቀቅለው ነገሩ ይቃናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ጠንካራ በላተኛ ወይም ለሁለት ልከኛ ሰዎች ግማሽ ኪሎ ድንች ይበቃል። ማታ ራት ሲሠራ ድንቹ በደንብ ታጥቦ ከነልጣጩ ጨው ባለበት ውሃ ይቀቀላል። በዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ነቀምቴ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ በዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 2500 ሜትር በሚጠጋው የሻምቡ ከፍታ ደግሞ ከ92 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ «ይህን ያህል ደቂቃ ይቀቀል» ቢል የእኛ ድንች በዚያ ደቂቃ አይበስልም። ሰዓት ከማየት ይልቅ ቢላዋ ማስገባት ይሻላል። የቢላዋው ጫፍ እስከ መካከሉ ድረስ ያለ ብዙ ትግል ከገባ ይበቃል፤ እስኪፈራርስ መጠበቅ አይገባም።

ከዚያ ውሃው ይደፋል፤ ድንቹ እንፋሎቱ እስኪወጣ ተገልጦ ይቆያል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ቀዝቃዛ ስፍራ ያድራል፤ ማቀዝቀዣ ያለው በዚያ ያሳድረው። ማደሩ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛ፥ ድንቹ ስለሚጠነክር ሲከተፍ አይፈርስም፤ ገጹም ይደርቃል። ሁለተኛ፥ የጧቱ ሥራ ግማሹ ማታ አለቀ ማለት ነው።

ጧት ድንቹ ይላጣል፤ የጣት ወርድ በሚያህል መጠን ይከተፋል። በጎድጓዳ ሳሕን ሆኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፥ ጨው፥ ጥቂት እርድና ቁንዶ በርበሬ ይጨመርበትና ሳሕኑ ተከድኖ ይናጣል። ሲናጥ የድንቹ ጠርዝ ሻከር ይላል፤ የሻከረው ጠርዝ ነው በኋላ ኩርሽም የሚለው። የኑግ ዘይት ያለው ሰው ጣዕሙን ይወደዋል።

ማሽን ያለው ሰው በ200 ዲግሪ ለሦስት ደቂቃ ባዶውን ያሙቀው፤ ከዚያ ድንቹን ሳይደራርብ በአንድ ንጣፍ ያድርገው። ከተደራረበ ነፋሱ መግቢያ ስለሚያጣ ድንቹ በገዛ እንፋሎቱ ይለሰልሳል። ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በመካከሉ መሳቢያው ወጥቶ አንድ ጊዜ ይወዝወዝ። የጥብስ ቅጠል የሚገባው ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ነጭ ሽንኩርት፥ በርበሬና ሚጥሚጣ ግን በኃይለኛ ሙቀት ቶሎ ስለሚያሩና ስለሚመሩ፥ ድንቹ ከወጣ በኋላ ትኩስ ሳለ ይነስነሱበት። ኮረሪማም እንዲሁ በመጨረሻ ቢደረግ ሽታው አይጠፋም። ከጎኑ ቆጭቆጫ፥ ለፍስክ ደግሞ አንድ እንቁላል ቢጨመር እስከ ምሳ የሚያቆም ቁርስ ነው።

ማሽን የሌለው ሰውስ? እርሱም አይዘን። ያው ማታ የተቀቀለ ድንች በወፍራም የብረት መጥበሻ በሁለት ማንኪያ ዘይት ይጠበሳል። ሕጉ ሦስት ነው። መጥበሻው አስቀድሞ ይጋል፤ ድንቹ አይደራረብ፤ አምስት ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥ። እጁ የማያርፍለት ሰው በየጊዜው ካማሰለው ፍርፍር ያደርገዋል። ክዳንም አይደረግበት፤ የተከደነ መጥበሻ የወጣውን እንፋሎት መልሶ ያወርዳል። አንዱ ገጽ ሲቀላ ይገላበጥ። በዚህ መንገድ የተሠራው ከማሽኑ ጋር ቢቀርብ ብዙ ሰው መለየት ይቸግረዋል። መብራት በጠፋበት ጧትማ ቁርስ ያለው ባለ መጥበሻው ብቻ ነው። የፊንጫ ኃይል ማመንጫ በዚሁ በወለጋ ምድር፥ በሆሮ ጉዱሩ፥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ቢሰጥም፥ ከግድብ አጠገብ መኖር መብራት ላለመጥፋቱ ዋስትና አይሆንም። በከሰል የሚጠብስ ሰው ግን ምድጃውን ከደጅ ወይም በርና መስኮቱ በተከፈተ ቤት ያድርግ፤ የከሰል ጢስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይታይና ሳይሸት ሰው ይገድላል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሌሎች ሦስት ነገሮችም አሉ። አረንጓዴ የሆነ ወይም ብዙ ያቆጠቆጠ ድንች መርዝነት ያለው ነገር ስለሚያበጅና ይህም በመቀቀል ስለማይጠፋ አይበላ። የስዊድን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳስታወቁት ድንችና ዳቦ የመሰለ ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ለጤና የሚያሰጋ ነገር ይፈጠራል፤ ይበልጥ ሲጠቁርም ይበልጥ ይበዛል፤ ስለዚህ ድንቹ ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ ቡናማ እስኪሆን አይጠበቅ። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። 1500 ዋት የሚስብ ማሽን ሰባት አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በቀጭን ዲቫይደር ላይ ከኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር አብሮ ቢሰካ ገመዱ ይግላል፤ ቤትም ያቃጥላል። ለብቻው በግድግዳው ሶኬት ይሰካ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ይገዛ ወይስ አይገዛ? የማሽኑ ጥቅም እውነተኛ ነው። በዘይት ውስጥ ጠልቆ የሚጠበስ ድንች ግማሽ ሊትር ዘይት ሲፈልግ ይህ በአንድ ማንኪያ ይሠራል። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ዋጋ እንዴት እንደ ናረ ያየ ሰው ይህን ቍጠባ አይንቅም። መብራቱንም አይበላም፤ 1500 ዋት የሚስበው ማሽን በ20 ደቂቃ የሚፈጀው ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኃይል ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። ሆኖም በአከራይ ቆጣሪ ላይ የሚኖር ሰው ማሽኑን ከማስገባቱ በፊት ለባለቤቶቹ ቢነግር መልካም ነው፤ በወር መጨረሻ በሒሳብ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

ነገር ግን በመጥበሻ ከሁለት ማንኪያ በላይ ዘይት ለማይጨምር ሰው የሚተርፈው አንድ ማንኪያ ብቻ ነው፤ ያ አንድ ማንኪያ የማሽኑን ዋጋ እስኪመልስ ድረስ ብዙ ክረምት ያልፋል። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። ማሽኑን ያሰበ ሰው አስቀድሞ ለአንድ ወር ያህል ድንቹን ማታ እየቀቀለ ጧት በመጥበሻ ይጥበስ። በወሩ ውስጥ ቢሰለች፥ የደመወዙን ሲሶም ሆነ ግማሽ ለማይጠቀምበት ዕቃ ከማውጣት ዳነ። ካልሰለቸና ቁርሱን ዘወትር በቤቱ ከበላ ግን ማሽኑ ያገለግለዋል፤ ያን ጊዜም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተው ቢገዙት ለአንዱም አይከብድም፤ በየተራም ይቀቅላሉ።

ደግሞም ማሽን የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ማታ አሥር ደቂቃ ስለ ነገ ማሰብ ነው። ዛሬ ማታ ድንቹን ድስት ውስጥ የጨመረ ሰው ነገ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠግቦ በሩን ይቆልፋል።