ገበያ ስንወጣ፦ ሁለት አልጋ ያለው ሱቅ

ባለፈው ሳምንት ስለ ሚዛን ጽፈን ነበር። ዛሬ ስለ አልጋና ስለ ቁም ሳጥን እንጽፋለን።

መኸር ተሰብስቦ የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ ከወገራ፣ ከዳባትና ከደባርቅ ብዙ ሰው እህሉን ሸጦ ወደ ጎንደር ከተማ ይወርዳል። ልጅ የሚድር አልጋ ይገዛል።

በአራዳና በቅዳሜ ገበያ በኩል ያሉትን የቤት ዕቃ መሸጫዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙዎቹ ጠባብ ናቸው። አንዱ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ጥቂት ወንበር ያቆማል። ቀጥሎ ያለውም ያንኑ ነው። ባለሱቁ የቤት ኪራይ አለበት። ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ብዙ ዓይነት አያስቀምጥም። በዚህ አንፈርድበትም።

ችግሩ የገዥው መቸኮል ነው። መንገዱ ሩቅ ነው። መኪናው ሊነሣ ነው። "ያለው ይኼው ነው" ሲባል የዓመት ድካሙን ከፍሎ የማይሆነውን ዕቃ ይዞ ይመለሳል። እናንተ ግን በሱቁ የቆመውን አልጋ እንደ ናሙና ቁጠሩት። ከአናጢ ጋር የሚሠራ ባለሱቅ ሞልቷል። "በዚህ ልክ፣ በዚህ እንጨት አሠሩልኝ" ብላችሁ ጠይቁ።

ከቤት ሳትወጡ ለኩ። ክንድ ከሰው ሰው ይለያያልና በሜትር ለኩ። ሜትር ከሌለ በሩን በገመድ ለክታችሁ ገመዱን ቋጥሩት። አልጋው ከሚቆምበት ቦታ ይልቅ በሩ ነው የሚያስቸግረው። ባለሦስት በር ቁም ሳጥን አልገባ ብሎ ደጅ ሲያድር አይተናል።

ከዚያ እንጨቱን እዩ። ፊቱን ተዉት፤ ፊቱ ሁልጊዜ ያምራል። መሳቢያውን አውጡና ሥሩን እዩ። ጀርባውንም እዩ። ዋንዛ ከሆነ የእንጨቱ መስመር እስከ ጠርዙ ድረስ ይታያል። ቺፑድ ግን የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጠፍጥፎ የተሠራ ነው፤ ጠርዙ ላይ ፍርፋሪው ይታያል። ረከስ ይላል፤ ለደረቅ ቤት አይከፋም። ውሃ ከነካው ግን ያብጣል። ፈታችሁ መልሳችሁ ስትገጥሙትም ብሎኑ ይላላል። የደጋው ቤት የአፈር ወለል ደግሞ በክረምት ይረጥባል። ቺፑድ ከገዛችሁ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉለት። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። የአልጋውን ርብራብ በእጃችሁ ጫን አድርጉት፣ አትፈሩ። ባለሱቁ ቢቆጣም ይቆጣ፤ ገንዘቡ የናንተ ነው።

አሁን ወደ ቀብድ እንምጣ። ዕቃ አዝዛችሁ ስትሄዱ ቀብድ ትከፍላላችሁ። ድሮ በቃል ነበር፣ ምስክር ቆሞ። አሁን ማንበብ ችላችኋልና ጽሑፍ ጠይቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን ያስረዳል። ዕቃው ሲሰጣችሁ ቀብዱ ከዋጋው ይታሰብላችኋል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውሉን የተወ ገዥ ቀብዱን ያጣል፤ ውሉን የተወ ሻጭ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 3,000 ብር ተቀብሎ "አልሸጥም" ያለ ሻጭ 6,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ታዲያ ወረቀት ከሌለ 3,000 ብር መስጠታችሁን በምን ታስረዳላችሁ?

ወረቀቱ ላይ "አልጋ 1" ብቻ ተጽፎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። የምን እንጨት? ስፋቱ ስንት? የሚደርሰው መቼ? ቀኑን ከከተራ በፊት አድርጉት። ለጥምቀት ጎንደር በእንግዳ ትሞላለች፤ መጫኛ መኪና ማግኘትም ጭንቅ ነው።

ለምሳሌ ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦

"አንድ የዋንዛ አልጋ። ስፋት 1 ሜትር ከ20። ርዝመት 1 ሜትር ከ90። ዋጋ 12,000 ብር። ቀብድ 3,000 ብር ተከፍሏል። ዕቃው ጥር 5 ቀን ይሰጣል። የሻጭ ፊርማ። የገዥ ፊርማ።"

ቀሪው ሂሳብ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። አስሉና እናንተ ጻፉበት። ዓመተ ምሕረቱም ቀርቷል፤ እሱንም ጨምሩ።