ስለ ዱር ጌሾ

ጌሾ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጓሮውን ነው፤ ነገር ግን በጫካ ዳርና በወንዝ አፋፍ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል የዱር ጌሾ አለ። ቅጠሉ ቅባት እንደ ነካው ያብረቀርቃል፤ ጠርዙም ጥቃቅን ጥርስ አለው። አረንጓዴ መሳይ አበባው ከቅጠሉ ብብት ስለሚወጣ አይታይም፤ ለድግስ ሲቸኩል አበባውን ማን ልብ ይለዋል? ፍሬው አስቀድሞ ይቀላል፥ ሲበስል ይጠቁራል፤ ዘሩንም ወፎች ይበትኑታል።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት፥ ለጌሾ የከፍታው ዳርቻ ቅርብ ናት። ስለዚህ የጋይንት ሰው ዱር ጌሾ ቢሻ ነፋስ ከሚመታው ሜዳ ይልቅ ወደ ወይና ደጋው ሸለቆ ቢወርድ ይሻለዋል። በደቡብ ጎንደር ከጥንቱ ደን የተረፈው አብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐፀድ ነውና፥ በዚያ የምናገኘውን ቁጥቋጦ ቅጠሉን ብንለቅም እንኳ ከሥሩ አንቁረጠው፤ ወፎቹ ፍሬ የሚያገኙት ከእርሱ ነው።