ከጠገራ ብር እስከ ወርቅ፦ የወሎ ደገኛ በገንዘብ ላይ ያለው እምነት

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ በደላንታ ደጋ ላይ የምትገኘው ወገል ጤና ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በኦፓል ማዕድኗ በዓለም የጌጣጌጥ ገበያ ትታወቃለች። ከገደል ጎን ቆፍሮ ማዕድኑን የሚያወጣው ወጣት ያገኘውን ገንዘብ በምን መልክ ያስቀምጣል የሚለው ጥያቄ ግን የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። በሬ፣ በግ፣ እህል፣ የቆርቆሮ ቤት፣ አቅም ያለው ደግሞ ወርቅ መግዛት በወሎ ደጋማ አካባቢዎች የተለመደ የቁጠባ መንገድ ነው። ይህንን በየስብሰባው «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ማለፍ ቢዘወተርም አባባሉ ብዙ አያስኬድም።

የላስታና የደላንታ ገበያተኛ ለረጅም ዘመን ያምን የነበረው አሞሌ ጨውንና 28 ግራም የሚመዝነውን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር መንግሥት ቢለዋወጥም ዋጋውን አያጣም፤ ቀልጦ መስቀል ወይም ድሪ ይሆናል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ባለሥልጣናቱ ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር፣ ሕዝቡ የወረቀቱን ገንዘብ አምኖ እንዲቀበል ባለ 50 ሳንቲሙን ከአሜሪካ በተገኘ የብር ማዕድን አስቀረጹት። እምነት በአዋጅ ብቻ እንደማይገኝ በሚገባ ተገንዝበው ነበር።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ገበሬ በዓመቱ 10,700 ብር ይዞ፣ ዕቃው 13,000 ብር ወደሚጠይቅበት ገበያ ይወጣል ማለት ነው። በዚያው ገንዘብ ወይፈን የገዛው ጎረቤቱ ግን ንረቱ አብሮት ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት ጦርነቱ ላሊበላን ጨምሮ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘግተው ነበር። በቀሚስ ጠርዝ ተሰፍቶ የወጣ ወርቅ ቅርንጫፍ አያሻውም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተካሄደው የብር ኖት ቅያሪም ሕገወጥ የገንዘብ ዝውውርን ለመግታት የታለመ ቢሆንም፣ ከባንክ ርቆ ለሚኖር ሰው ወረቀት ቀነ ገደብ እንዳለው ያስተማረ ነበር።

ይህ ሲባል ወርቅ እንከን የለሽ ነው ለማለት አይደለም። ገዢው የአንጥረኛውን የእጅ ዋጋ ከፍሎ ሲሸጥ አያገኘውም፤ ካራቱን የሚያረጋግጥለት በገጠር የለም፤ ሌባም አለ።

ወርቅ ራሱ ለፖሊሲ የሚሰጠውን ምላሽ መመልከት የበለጠ ያስተምራል። በይፋዊው ምንዛሪና በጥቁር ገበያው መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ በነበረበት ጊዜ በባህላዊ መንገድ የሚመረተው ወርቅ በኮንትሮባንድ ይወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በተከታዩ የ2017 በጀት ዓመት ከ30 ቶን በላይ ወርቅ ወደ ውጭ ተልኮ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ተገኝቷል። ወርቁ ወደ ብሔራዊ ባንክ የመጣው በቅስቀሳ ሳይሆን በዋጋ ነው። ይኸው ውሳኔ ግን ብር ቆጥቦ ለነበረው ሰው ሌላ ኪሳራ መሆኑ አይካድም።

የዓለም ማዕከላዊ ባንኮችም እ.አ.አ. ከ2022 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ወርቅ ገዝተዋል። እነርሱ የሚያደርጉትን የደላንታ እናት በአምባሯ ብታደርገው የሚያስወቅሳት ምክንያት ለጸሐፊው አይታየውም።

የብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ተመን ማስተዋወቁና የብድር ዕድገትን መገደቡ አቅጣጫውን ያሳያል፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻም የዋጋ ንረቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። ለቆጣቢው የሚታየው ግን የፖሊሲ ተመኑ ሳይሆን በደብተሩ ላይ የሚጻፈው ወለድ ነው። ወለዱ ከንረቱ በታች እስከሆነ ድረስ የወረዳ ኃላፊ «ቆጥቡ» እያለ ቢሰብክ ሰሚ አያገኝም።

ለወገል ጤናው ወጣት ደግሞ ችግሩ ከዚህ ይቀድማል። ወርቅ አምራቹ የዓለም ዋጋን ተከትሎ የሚገዛው ባንክ አለው፤ ኦፓል ግን ወጥ ዋጋ የሌለው፣ በደላላ ዓይን የሚመዘን ድንጋይ ነው። በመሆኑም ወጣቱ ማዕድኑን ቶሎ ወደ ብር፣ ብሩንም ቶሎ ወደ በሬ ይለውጣል።